ያልወጣውን እጅ ማን ያየዋል?



በትምህርት ቤት ደጃፍ ያለፈ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው የክርክር ርእሶች አሉ። «ከብዕርና ከሰይፍ የቱ ይበልጣል?» «ከገበሬና ከመምህር የማን ጥቅም ያመዝናል?» «ከዕውቀትና ከገንዘብ የቱ ይሻላል?» ሁለት ቡድን ፊት ለፊት ይሰለፋል። አንዱ «የተከበራችሁ ዳኞች፣ የተከበራችሁ ሰዓት ተቆጣጣሪዎች» ብሎ ይጀምራል፤ ሌላው ጠረጴዛ እየደበደበ ይመልሳል። መጨረሻ ላይ ድምፁ የጎላው ያሸንፋል፤ ብዕሩም ሰይፉም እንደነበሩ ወደየቦታቸው ይመለሳሉ።

ዘንድሮ በየመድረኩ፣ በየሬዲዮውና በየሻይ ቤቱ የሚሰማው ርእስ ደግሞ «ከመምህርና ከቴክኖሎጂ የቱ ይበልጣል?» የሚል ሆኗል። ይኸ እንጀራችንን የሚነካ ጉዳይ ስለሆነ እኛ እጩ መምህራን እጃችንን አጣጥፈን የምንሰማው ክርክር አይደለም። ስለዚህም ነው ለዚህ ግድግዳ ጋዜጣችን ብዕሬን ያነሳሁት።

እንደኔ እንደኔ ርእሱ ራሱ ሲወለድ ጀምሮ የተጣመመ ነው። ጠመኔም በጊዜው ቴክኖሎጂ ነበር፤ ጥቁር ሰሌዳም እንደዚሁ። ከጠመኔና ከመምህር የቱ ይበልጣል ብሎ የተከራከረ ሰው ግን አልሰማንም። መጠየቅ የሚገባው ሌላ ነው። አንድ ልጅ «አልገባኝም» ብሎ እጁን ሲያወጣ ትምህርቱን የሚያቆመው ማነው? ከዚያም ከበድ የሚለው፦ ያልገባው ልጅ እጁን ሳያወጣ ሲቀርስ ማን ያየዋል? በእነዚህ በሁለቱ ጥያቄዎች የመጣውን ዕቃ ሁሉ መመዘን ይቻላል።

በመጀመሪያ ስለ ተከራካሪዎቹ ጥቂት ልበል። እነሱም በሁለት ይከፈላሉ። አንደኞቹ «ድሮ ቀረ» ባዮች ናቸው። ስልክ ትውልዱን ጨረሰው፣ ንባብ ሞተ፣ ጨዋነት ተቀበረ ይላሉ። ይህን ሲሉ ግን በስልክ ተቀርጸው፣ በቲክቶክ ተለቀው፣ ስንት ሰው እንደወደደላቸው በየአምስት ደቂቃው እያዩ ነው። ሁለተኞቹ «ዘመኑ ነው» ባዮች ናቸው። ለነዚህ አዲስ ዕቃ ሁሉ ጠበል ነው፤ ያልፈወሰው በሽተኛው ስላላመነ ነው። መብራት በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ለሚያገኝ ቀበሌ የኮምፒዩተር ክፍል ሲመረቅ ሪባን ለመቁረጥ የሚሽቀዳደሙ እነሱ ናቸው። ሁለቱ ቡድኖች በምንም የማይስማሙ ይመስላሉ እንጂ በአንድ ነገር አንድ ናቸው፤ 70 ልጅ በታጨቀበት ክፍል የኋላ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ታይተው አይታወቁም።

አሁን ወደ ምሳሌው እንግባ።

በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶቻችን አዲስ አስተማሪ ተቀጠረ። ስሙም ፕላዝማ ይባላል። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተዘጋጅቶ፣ በሳተላይት ተጭኖ፣ በእንግሊዝኛ እየተናገረ ይመጣል። አዲስ አበባ ያለውም ጠረፍ ያለውም ተማሪ እኩል አንድ ዓይነት ትምህርት ያገኛል ተባለ። ሐሳቡ የሚናቅ አልነበረም። ቤተ ሙከራ በሌለበት ት/ቤት፣ አሲድ ከብረት ጋር ሲገናኝ የሚሆነውን በዓይን ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ይህን መካድ ነውር ነው።

ችግሩ ከሰዓቱ ላይ ነበር። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ከዚያ ውስጥ 30 ያህሉን ፕላዝማው ይወስዳል። ለመምህሩ የተረፈችው መግቢያና መውጫ ላይ ያለችው ነች፤ እንደ ሠርግ ቤት አስተናጋጅ «ግቡ፣ ተቀመጡ» እና «በሉ በደኅና ግቡ» ለማለት ያህል። ፕላዝማው «ይህን ጥያቄ ሥሩ» ብሎ ጊዜ ይሰጣል፤ ተማሪው ጥያቄውን ገና ወደ ደብተሩ እየገለበጠ ሳለ መልሱን ነግሮ ያልፋል። እጅ ቢወጣ አያይም፤ ቢያይም አይቆምም። መብራት ከጠፋ ደግሞ የዚያ ዕለት ትምህርት በላያችን በሰማይ አልፎ ይሄዳል። ሳተላይት እንደ መናኸሪያችን አውቶቡስ ተሳፋሪ እስኪሞላ አይጠብቅም።

ታላቅ ወንድሜ በፕላዝማ የተማረ ነው። ስለ ፊዚክስ ስጠይቀው የተናጋሪዋን ድምፅ አሳምሮ ያስመስልልኛል፤ ምን እንዳለች ግን አያስታውስም። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ስደርስ ያው ዕቃ ከነብረት ሣጥኑ ግድግዳ ላይ ነበር። ባይሠራም ሥራ አልፈታም፤ የክፍል አለቃው የሰሌዳ ማጥፊያውን ያስቀምጥበት ነበር። በመጨረሻ የተሸከመው የጠመኔን ጓደኛ መሆኑን ሳስብ ሳልወድ ፈገግ እላለሁ። ነገሩ ግን የሚያስቅ ብቻ አይደለም። መቆሚያ ቁልፉ ከመምህሩ እጅ ውጭ ስለነበር፣ ለዓመታት በብዙ ክፍል መምህሩ እንግዳ፣ ዕቃው ባለቤት ሆኖ ቆየ።

ከዚያ የመጣው ሐሳብ ደግሞ ይባስ ብሎ መምህሩን ከነጭራሹ አስወጣው። ነገሩ እንዲህ ነው። በፈረንጆቹ 2012፣ በእኛ 2004 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው የአሜሪካኖች ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ወዳሉ ሁለት መንደሮች ታብሌቶች በታሸገ ካርቶን ላከ። በየመንደሩ 20 ያህል፣ ትምህርት ቤት ያልገቡ ሕፃናት ነበሩ። አስተማሪ የለም፤ መመሪያ የለም። መሥራቹ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በኋላ እንደተናገሩት፣ በደቂቃዎች ውስጥ አንዱ ልጅ ማብሪያውን አገኘ፤ በሳምንታት ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ይዘምሩ ጀመር፤ በወራት ውስጥ ደግሞ የተዘጋውን ካሜራ ከፍተው ተገኙ። ዓለም ጉድ አለ። «ያለ አስተማሪ ራሳቸውን አስተማሩ» ተብሎ ተጻፈ።

የልጆቻችን ብልህነት እኔን አልገረመኝም። ከሽቦ መኪና፣ ከጨርቅ ኳስ የሚሠራ ልጅ የተዘጋ ካሜራ ቢከፍት ምን ይደንቃል? የገረመኝ ሌላ ነው። ያው ወሬ ዝቅ ብሎ ሲነበብ፣ ታብሌቱ በፀሐይ እንዴት እንደሚሞላ ለአዋቂዎቹ ያሳየ ሰው ነበር፤ በየሳምንቱ እየሄደ የታብሌቱን ማስታወሻ ካርድ የሚለውጥና ልጆቹ የነካኩትን ሁሉ ለምርመራ የሚወስድ ሰውም ነበር። እንግዲህ «ያለ ሰው» የተባለው ሥራ በየሳምንቱ ሰው ይመላለስበት ነበር ማለት ነው። ደግሞም የፊደልን መዝሙር መዘመርና ማንበብ ለየቅል ናቸው። ከመዝሙሩ ወደ ንባቡ የሚያሻግር ድልድይ ያስፈልጋል፤ ያም ድልድይ «ይህቺ ምን ትባላለች? አይደለም፣ እስቲ ደግመህ እያት» የሚል ሰው ነው።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ት/ቤቶች ሲዘጉ ትምህርት ወደ ሬዲዮ፣ ወደ ቴሌቪዥንና ወደ ቴሌግራም ተሻገረ። ከምንም ይሻላልና ምስጋና ይገባዋል። እኛ ሰፈር የነበረው የጎረቤት ሬዲዮ ነው። ከሬዲዮው ያለው አስተማሪ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ጥቂት ዝም ይላል፤ ከዚያ «ጎበዞች!» ብሎ ያደንቀናል። ማን መለሰና? ግማሹ በግ ያግዳል፣ ግማሹ አሸልቧል፣ ዶሮዎቹ ብቻ ጆሮ ሰጥተዋል። እንዲህ ያለ ያልተገባ ምስጋና የሚሰጥ አስተማሪ ማንም ይወዳል፤ ግን ማንንም አያሳድግም።

አሁን ተራው የስልክ ነው። በቲክቶክ መንደር «እንግሊዝኛ በአንድ ደቂቃ»፣ «ሒሳብን እንደ ውሃ ጠጡት» የሚሉ አስተማሪዎች ተነስተዋል። ጀርባቸው ላይ ሰማያዊ መብራት ያበራሉ፤ ሦስት ቃል ያስተምሩና «መከተል እንዳትረሱ» ይላሉ። እዚያው ሰፈር በሚሠሩት አጫጭር ቀልዶች ደግሞ ጠመኔ የሚይዘው መምህር ምን ሆኖ ይታያል? ኮቱ የሰፋው፣ ጫማው የተንሻፈፈ፣ ደመወዙ ወሩ ሳይጋመስ ያለቀበት፣ ለሱቅ ዱቤ የሚለማመጥ። እኔም አይቼ ሥቄያለሁ፤ ቀልዱ እውነት ስላለበት ያስቃል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። በአንድ ደቂቃ የሚያስተምረው ሰው የሚቆጥረው ያዩትን ነው። የገባቸውን የሚቆጥርበት መሣሪያ የለውም። የሰፋ ኮት የለበሰው ሰውዬ ግን ማታ በኩራዝም ይሁን በአምፑል ደብተር ያርማል፤ ማን እንደገባውና ማን እንዳልገባው በስም ያውቃል።

ከሁሉም የበረታው ተወዳዳሪ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተባለው ነው። ቻትጂፒቲ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ ከተለቀቀ ወዲህ የቤት ሥራ የሚባል ነገር በብዙ ቦታ የስልክ ሥራ ሆኗል። እዚህ ላይ ሚዛናችንን ማዛባት የለብንም። ይኸኛው እንደ ፕላዝማው አይደለም። ስታቆመው ይቆማል፤ አልገባኝም ስትለው ይደግማል፤ መቶ ጊዜ ብትጠይቀው «አንተ ደንቆሮ» አይልህም። በዚህ ጠባዩ ከአንዳንድ መምህር ሳይሻል አይቀርም። እንግዲያስ የመጀመሪያውን ጥያቄያችንን አለፈ ማለት ነው፤ የወጣ እጅ ያያል።

ሁለተኛውን ግን ገና አላለፈም። ይኸ አስተማሪ የሚመልሰው ለጠየቀው ነው። ለመጠየቅ ደግሞ አለማወቅህን ማወቅ አለብህ፤ ማንበብ አለብህ፤ ስልክና ብር አለብህ፤ ከዚያም በላይ ድፍረት ይፈልጋል። የሦስተኛ ክፍሏ ልጅ «ሀ»ን ከ«ሰ» ለይታ ሳታውቅ ምኑን ትጠይቀው? ደግሞም በአማርኛ ሲጠየቅ አንዳንዴ ያልሆነውን ነገር በሙሉ ልብ ይነግርሃል፤ የኛንና የፈረንጆቹን ዘመን አቆጣጠር እያምታታ ሰባትና ስምንት ዓመት ወዲያ ወዲህ ሊወስድህ ይችላል። የሚያውቅ ሰው ያርመዋል። የማያውቅ ሕፃን ግን «ስልኩ ብሏል» ይላል፤ ድሮ «መጽሐፉ ብሏል» እንደሚባለው።

ያልወጣን እጅ ስለማየት ከተነሳ፣ የቄስ ትምህርት ቤትን መርሳት አይገባም። የኔታ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው 30 ልጅ በአንድ ጊዜ እየጮኸ ያነባል፤ አንዱ «ሀ ሁ» ላይ፣ ሌላው ዳዊት ላይ ነው። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል አንዱ ልጅ አንድ ድምፅ ሲያሳስት የኔታ ቀና ብለው «አንተ፣ መልሰው!» ይላሉ። ዓይነ ስውር የሆኑት ሳይቀሩ በጆሮአቸው ያርማሉ። ልጁ አልጠየቀም፤ እጁንም አላወጣም፤ ስህተቱ ግን አላመለጠም። አለንጋቸው ይቅርብን፤ እሱን አልናፍቅም። ጆሮአቸውን ግን የሚተካ ማሽን እስካሁን በዐይኔ አላየሁም።

እዚህ ላይ «ማሽን ቀርቶ መምህር ይንገሥ» ብዬ የምደመድም የመሰለው አንባቢ ካለ ተሳስቷል። ወደ ራሳችን ልመለስ። እስቲ በሐቅ እንነጋገር፤ ከመምህራን መካከል ስንቱ ነው ፕላዝማ? ወደ ክፍል ይገባል፤ ፊቱን ወደ ሰሌዳ ያዞራል፤ ከቆየ ደብተሩ ይገለብጣል፤ ሰሌዳው ሲሞላ ያጠፋል፤ እንደገና ይሞላል። መጨረሻ ላይ «ገባችሁ?» ይላል። ሰባው ልጅ በአንድ ድምፅ «አዎ ገባን!» ይላል። ደወል ተደወለ፤ ወጣ። ይኸ ሰው ከሬዲዮው «ጎበዞች!» በምን ይሻላል? መብራት አለመፈለጉ ካልሆነ በቀር! እንዲህ ያለውን መምህር ማሽን ቢተካው አላለቅስም፤ ማሽኑ ቢያንስ የእጅ ጽሑፉ ይነበባል።

ነገሩ ለምን ይህን ያህል እንዳሳሰበኝ ልናገር። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና በጥቅምት 2015 በየዩኒቨርሲቲው ተሰጥቶ ውጤቱ ሲነገር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በተከታዩ ዓመት 3.2 በመቶ ሆነ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ። ውጤቱ በተነገረ በሰዓቱ አገር ሁሉ ተከራካሪ ሆነ። አንዱ ስልክን ከሰሰ፤ አንዱ ኩረጃን፤ አንዱ ሚኒስቴሩን፤ አንዱ ወላጅን፤ ሁሉም መምህርን። ክርክሩ ሦስት ቀን ነዶ በአራተኛው ቀን ስለ ኳስ ሆነ።

እኔን የገረመኝ ሁሉም የ12ኛ ክፍልን በር ሲመለከት የአንደኛ ክፍልን በር ያየ መጥፋቱ ነው። የዓለም ባንክ እንደሚለው በኢትዮጵያ ከ10 ዓመት ልጆች መካከል 90 በመቶ ያህሉ ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም። እንግዲህ አስቡት። በ10 ዓመቱ ማንበብ ያልቻለ ልጅ፣ በ18 ዓመቱ ፈተና ሲወድቅ አዲስ ነገር አልሆነም፤ የቆየው ወሬ ነው የደረሰን። ያ ልጅ እጁን ማውጣት ያቆመው አንደኛ ወይም ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው። አንድ ቀን አልገባውም፤ አላወጣም፤ ማንም አላየውም። በማግስቱም እንዲሁ። ከዚያ አሥር ዓመት ሙሉ «አዎ ገባን!» እያለ ከጓደኞቹ ጋር ጮኸ። እኛ ደግሞ የምንመደበው እዚያው አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? «ለመናገርማ ማን ብሎት» እንዳልባል የበኩሌን ሦስት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ «ገባችሁ?» የሚለውን ጥያቄ ከአፋችን እናውጣ። በምትኩ «አንቺ ከኋላ ያለሽው፣ ለጓደኛሽ አስረጂያት» እንበል። የገባውና ያልገባው የሚለየው ያኔ ነው። በልምምድ ትምህርት ላይ ሞክሬዋለሁ፤ ጊዜ ይፈጃል፤ ሰሌዳውም አይሞላም። ግን ሰሌዳ እንዲሞላ አይደለም የተቀጠርነው።

ሁለተኛ፣ ስልክን ከመርገም ቁልፉን መያዝ ይሻላል። ከተማ በወጣን ጊዜ ስለ ልብ አሠራር ወይም ስለ እሳተ ገሞራ የተቀረጸ አጭር ፊልም አውርደን ይዘን እንግባ። በቡድን በቡድን እናሳያቸው፤ መካከል ላይ እናቁመው፤ «ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስላችኋል?» እንበል። ፕላዝማ ያጣው ይህችን ማቆሚያ ነበር። ዕቃው ያው ዕቃ ነው፤ ባለቤቱ ሲለወጥ ግን ትምህርት ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ከፍ ያሉ ተማሪዎች የስልኩን መልስ እንዲያርሙ እናድርግ። «ስልኩ እንዲህ ብሏል፤ ትክክል ነው ወይ? በምን አወቃችሁ?» የሚል የቤት ሥራ ማንም ቀድቶ አያመጣውም። ስህተት ፈልጎ ያገኘ ልጅ በማሽን አይታለልም፤ በሰውም እንዲሁ። በአገራችን የአደባባይ ክርክር ውስጥ የጎደለውም ይኸው አይደል? የተባለውን ሁሉ «በምን አወቅህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው።

በተረፈ «ከመምህርና ከቴክኖሎጂ» የሚለውን ክርክር ለሚወዱት እንተውላቸው። በሚቀጥለው ወር ለልምምድ ስንወጣ ከፊታችን ስልሳ ሰባ ፊት ይጠብቀናል። ከነዚያ መካከል አሥሩ እጃቸውን ያወጣሉ፤ እነሱን ማንም ያስተምራቸዋል፣ ማሽንም ቢሆን። የኛ ሥራ የሚጀምረው ከአሥራ አንደኛው ልጅ ነው። እሱ ከመስኮቱ ሥር ይቀመጣል፤ ዝምተኛ ነው፤ አያስቸግርም፤ ስሙንም ለማወቅ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። እባካችሁ በአንድ ሳምንት እንወቀው።

ቸር ይግጠመን።